የአያት ወይን፣ የእናት ጌሾ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሳኒቬል ተነስቼ ሳን ሆዜ ሄድኩ። የጓደኛዬ እናት ቤታቸውን ሊሸጡ ስለሆነ ዕቃ በማሸግ ላግዛቸው ነበር። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ሳጥኑ ሁሉ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ወደ ጓሮ ጠሩኝና ከአጥሩ ሥር የቆሙ ሁለት የጌሾ ዛፎች አሳዩኝ። ኦክላንድ ከምትኖር ወዳጃቸው ባገኙት ችግኝ የዛሬ አሥራ ሰባት ዓመት የተከሏቸው ናቸው፤ አሁን ከአጥሩ በላይ ወጥተዋል።

«ልጄ፣ ቤቱን ለሚገዛው ሰው እንዳይቆርጠው ንገርልኝ» አሉኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? ደላላው አስቀድሞ «ጓሮው ይጸዳ» ብሏል። ለእሱ ጌሾ ማለት ፎቶ የሚያበላሽ ቁጥቋጦ ነው። ዝም ስል ወደ ጋራዡ ወሰዱኝ። ሁለት ትልልቅ ዳሚጃኖች፣ አንገተ ጠባብ የመስታወት ዕቃዎች፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። «እነዚህንስ ማን ይወስዳቸዋል?» አሉ። ልጃቸው ስልኩን ማየት ጀመረ። እኔም የአንድ መኝታ አፓርታማዬን እያሰብኩ ወደ መሬት አየሁ። እትዬ የሚገቡት ሲያትል ልጃቸው ጋ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ጠጅ መጣል የሚታሰብ አይደለም።

ማታ ወደ ሳኒቬል ስመለስ መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ጣሊያኖች ሆነ። ጣሊያን ሲባል የእኛ ሰው ጆሮ ቶሎ የሚቆመው ለአድዋና ለአምስቱ ዓመት እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ የማነሳው ግን ሌላውን ጣሊያን ነው፦ ድህነት አባሮት፣ ቋንቋ ሳያውቅ፣ እኛ ዛሬ የምንኖርበት ሸለቆ ውስጥ ስለገባው ገበሬ። (ዳሚጃን የሚለው ቃል ራሱ ከእነሱ የመጣ መሆኑን ልብ ይሏል።)

ይህ ኮድ የምንጽፍበት አገር ከስልሳ ሰባ ዓመት በፊት የፍራፍሬ አገር ነበር። «የልብ ደስታ ሸለቆ» ይሉት ነበር። ፕሩን፣ አፕሪኮት፣ ቼሪ በየአቅጣጫው ያብብ ነበር። ሳኒቬል ውስጥ የሊቢ ፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ የውሃ ታንከር እንደ ፍራፍሬ ቆርቆሮ ተቀብቶ ዛሬም ቆሟል፤ ስንቶቻችን በአጠገቡ እያለፍን «ይሄ ምንድነው?» ብለን ጠይቀን እናውቃለን? ከማኅበረሰብ ማዕከሉ ጎንም ከተማው ለማስታወሻ ያቆየው የአፕሪኮት ማሳ አለ፤ አሥር ኤከር ያህል ይሆናል። ሌላው ቢሮና አፓርታማ ሆኗል። እኔም የምኖረው ከእነሱ በአንዱ ነው፤ ስለዚህ የማማረር መብት የለኝም።

ወይኑ ግን ተራራው ላይ ነበር። ከኩፐርቲኖ በላይ ወደ ሞንቴቤሎ ሲወጡ የፒኬቲ ቤተሰብ እርሻ ይገኛል። ቪንቼንዞና ሴኮንዶ ፒኬቲ የሚባሉ ወንድማማቾች በ1870ዎቹ ከጣሊያን መጥተው የተከሉት ነው። ወይን ጠጅ ሲጠምቁ ኖረው በ1963 አቆሙ፤ በ1976 መሬቱን የተፈጥሮ ቦታዎችን የሚጠብቅ የሕዝብ ተቋም ገዛው። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ሐበሾችም በእግር የምንወጣበት ቦታ ነው፤ በግቢው የሚንጎራደዱትን ፒኮኮች ያላየ የለም። ትንሽ ከፍ ሲሉ ደግሞ ኦሲያ ፔሮኔ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ጣሊያናዊ ሐኪም በ1886 የጀመረው እርሻ አለ። በ1959 የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች ገዝተውት «ሪጅ» ሆነ። በ1976 የፓሪሱ ውድድር ላይ የቀረበው፣ ውድድሩ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሲደገም አንደኛ የወጣው ወይን ከዚህ ተራራ የተገኘ ነው። ለኢንጂነር የሚጥም ታሪክ ነው። ነገር ግን ወይኑ ካበርኔ ሶቪኞን፣ የፈረንሳይ ዝርያ ነው። የተራራው ስም የጣሊያን፣ የገነነው ፍሬ የፈረንሳይ መሆኑን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚህ በ101 ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ትራፊክ ከሌለ ግማሽ ሰዓት ከምናምን ቢሆን ነው፣ ሞርጋን ሂል ይደርሳሉ። እዚያ ኤሚሊዮ ጉልዬልሞ የሚባል ጣሊያናዊ ስደተኛ በ1925 የራሱን ወይን ጠጅ መጥመቂያ አቋቋመ። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ፤ አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ የከለከለችበት ዘመን ነው። ሰውዬው ከልካዩ እያለ ነው የጀመረው። ሥራው ከእሱ ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ልጅ ልጆቹ አልፏል። ይህ ቤተሰብ ካቆያቸው ነገሮች አንዱ ግሪኞሊኖ የሚባል ቀይ ወይን ነው። በካሊፎርኒያ ግሪኞሊኖ የሚያበቅለው በጣት የሚቆጠር ነው።

ግሪኞሊኖ ምንድነው? በሰሜን ጣሊያን በፒየሞንቴ፣ በአስቲ ኮረብቶች የሚበቅል የዚያው አገር ዝርያ ነው። ስሙ ዘር ወይም ፍሬ ከሚል የአካባቢው ቃል የመጣ ነው ይባላል፤ ወይኑ ውስጡ ፍሬ ይበዛዋልና። ቀለሙ ሳሳ ያለ ነው፤ ለቀይ ወይን ይቀላል፣ ለሮዜ ይከብዳል። ሲጠጡት ደግሞ ኮምጠጥ ይልና ከፍሬው የሚወጣው ነገር ምላስን ያዝ ያደርጋል። በአጭሩ ለገበያ የማይመች ጠባይ ነው ያለው። የዚያው አገር ልጆች የሆኑት ሌሎቹ ይሻላሉ፦ ባርቤራ ሙቀት ውስጥ እንኳ ኮምጣጣነቱን ስለማይለቅ የካሊፎርኒያ ገበሬ ወዶታል፤ ኔቢዮሎ፣ በስሙ ጉም ያለበት፣ ዘግይቶ የሚበስል አስቸጋሪ ቢሆንም ባሮሎ የሚባለውን ውድ ወይን ስለሚሰጥ ክብሩ አለው። ግሪኞሊኖ ይህም ያም የለውም። አያት ይጠጣው ስለነበር ብቻ የሚተከል ወይን ነው።

ወደ ሰሜን ናፓ ብትሄዱም አንድ ታሪክ ታገኛላችሁ። ጆ ሃይትዝና ባለቤቱ አሊስ በ1961 የመጀመሪያ መሬታቸውን ሲገዙ ስምንት ኤከር ነበር፤ የተተከለበትም ግሪኞሊኖ ነው። ጣሊያኖችም አይደሉም። ኋላ ከጎረቤት እርሻ በሚገዙት ካበርኔ ዓለም አወቃቸው። ያኔ ማንም የሂሳብ ሰው ቢጠየቅ «ግሪኞሊኖውን ንቀሉና ካበርኔ ትከሉ» ይል ነበር፤ ናፓ ውስጥ የአንድ ቶን ካበርኔ ዋጋ ከሌላው ጋር የሚወዳደር አይደለም። እነሱ ግን ለአሥርተ ዓመታት ግሪኞሊኖአቸውን በስሙ እየጠመቁ ቀጠሉ።

እዚህ ላይ ነው እትዬ የመጡብኝ።

እኛ ስለ ባህል ስናወራ ባህል የሚቆየው በፍቅር ይመስለናል። «ባህላችንን እንውደድ፣ ለልጆቻችን እናውርስ» እንላለን፣ በአዲስ ዓመት የሐበሻ ልብስ እንለብሳለን፣ በቃ። የእነዚህን ጣሊያኖች ታሪክ ጠጋ ብሎ ላየው ግን ወይናቸውን ያቆየው ናፍቆት ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር ነበራቸው።

አንደኛው ጠጪ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ኖርዝ ቢች የሚኖረው ጣሊያናዊ ሠራተኛ ወይን የሚጠጣው ለሠርግ ሳይሆን ከእራቱ ጋር ነው፤ በየቀኑ። በክልከላው ዘመን እንኳ ሕጉ የፍራፍሬ ጭማቂ በሚል ሽፋን አንድ ቤተሰብ በዓመት እስከ 200 ጋሎን ቤቱ ውስጥ እንዲያዘጋጅ ቀዳዳ ስለተወ ጣሊያኑ ወይን ፍሬውን በሣጥን እየገዛ ምድር ቤቱ ውስጥ ጠመቀ። ስለዚህ ገበሬው ተክሉን አልነቀለም። የሚገዛው ወገኑ አለ።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። አማዴዎ ጃኒኒ የሚባለው የጣሊያን ስደተኞች ልጅ የተወለደው እዚሁ ሳን ሆዜ በ1870 ነው። ትልልቆቹ ባንኮች ፊት የማይሰጡትን ስደተኛና ትንሽ ገበሬ ደንበኛ አድርጎ በ1904 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ «ባንክ ኦፍ ኢታሊ»ን ከፈተ፤ ከከተማው ውጭ የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ በ1909 ያቋቋመው ሳን ሆዜ ነው። ኋላ ባንክ ኦፍ አሜሪካ የሆነው እሱ ነው። ደመወዛችን የሚገባበት ባንክ አመጣጡ ይህ ነው እንግዲህ። እኛ እቁብ አለን፤ እቁቡ ግን መኪና ሲገዛ እንጂ ማሳ ሲገዛ አላየሁም።

ሦስተኛው ስም ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጣሊያኖቹም ንጹሕ አይደሉም። የጋሎ ቤተሰብ ከጣሊያን ስደተኞች የተወለደ ነው። በ1964 በገፍ መሸጥ የጀመረው ወይን ግን «ሃርቲ በርገንዲ» ነው የሚባለው፤ በርገንዲ የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር ነው። ገበያው የሚያውቀው ፈረንሳይን ስለነበር በፈረንሳይ ስም ሸጡ። ሀብት አገኙበት፤ ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም። ትንንሾቹ ቤተሰቦች ግን ግሪኞሊኖን «ግሪኞሊኖ»፣ ባርቤራን «ባርቤራ» ብለው ጻፉ። ፈረንጁ መጥራት ቢያቅተው እንዲማር ተዉት። ዛሬ ሰዉ ወይን መደብር ገብቶ «ኔቢዮሎ አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ያኔ ስላልተረጎሙለት ነው።

እኛስ? ብዙ የሐበሻ ሬስቶራንት ሜኑ ላይ ጠጅ በእንግሊዝኛ «የማር ወይን» ሆኖ ተጽፎ አያለሁ። ጌሾ የሚለው ቃል ጨርሶ የለም። እኔ ከመደብር ገዝቼ የቀመስኩት አብዛኛውም ጣፋጭ የማር ውሃ ነው፤ ያ ጌሾ የሚሰጠው ምሬት፣ ያ ጉሮሮ ላይ ቆም የሚለው ነገር የለበትም። ለምን ሲባል «ፈረንጅ መራራ አይወድም» ይባላል። ይኸው ፈረንጅ መራራ ቢራ ሰልፍ ይዞ ይገዛል! ኮምጣጣውንና አፍ የሚይዘውን ግሪኞሊኖ በሰላሳ ዶላር ይገዛል። መራራውን የጠላው እሱ ነው ወይስ ያፈርንበት እኛ?

የስም ነገር ቀልድ እንዳልሆነ ከቡናው ማወቅ ነበረብን። ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች ኢትዮጵያ አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትሞክር ከስታርባክስ ጋር የተፈጠረው ውዝግብ በ2007 በስምምነት እስኪያልቅ ስንት አንደበት እንዳደከመ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ጤፍን ደግሞ አንድ የሆላንድ ኩባንያ የፈጠራ መብት ይዞበት ነበር፤ በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ። ስሙንና ሙያውን ያላስመዘገበ፣ ያልጻፈ፣ በጠርሙስ ላይ ያላተመ ሰው ቆይቶ የሚከራከረው በጠበቃ ነው።

አገር ቤትም ነገሩ ያው ነው። ዝዋይ የፈረንሳዩ ካስቴል ያለማው የወይን እርሻ አለ፤ ከ2014 ጀምሮ «ሪፍት ቫሊ»ና «አካሺያ» በሚል ስም ገበያ ላይ ናቸው። የተተከለው ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ነው። ሥራ ፈጥሯል፣ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፣ ወይኑም አይናቅም፤ እኔም ስገባ ሁለት ጠርሙስ በሻንጣ ይዤ መጥቻለሁ። ዳሩ ግን ፈረንሳይ ካፒታሉንም ዝርያውንም ይዞ ሲመጣ፣ በዚያው ሰፊ አገር ለዘመናት የነገሥታቱ ግብር መጠጥ ሆኖ የኖረው ጠጅ እስከ ዛሬ የማሩን አገር የሚናገር ጠርሙስ እንደ ልብ አይገኝለትም። የወንጪ ማር ነው? የሸካ ጫካ ነው? የትግራይ ነጭ ማር ነው? ወይን ጠጪ የማሳውን ቁልቁለት ሳይቀር ያጠናል፤ እኛ «ጠጅ አለ?» ብለን እንገባለን፣ «አለ» ይባላል፣ አለቀ።

የሚገርመው የማራችንን ስም ከያዙልን መካከል እነዚያው የፒየሞንቴ ሰዎች መኖራቸው ነው። «ስሎው ፉድ» የሚባለው እንቅስቃሴ ግሪኞሊኖና ኔቢዮሎ በሚበቅሉበት በፒየሞንቴ፣ ብራ በምትባል ትንሽ ከተማ የተወለደ ነው። አገር በቀል ምግቦች እንዳይጠፉ በየአገሩ ከሚደግፋቸው መካከል የወንጪ ማርና የትግራይ ነጭ ማር ይገኙበታል። የአያታቸውን ወይን መያዝ የለመዱ ሰዎች የእኛንም ማር ለማየት ዓይን ነበራቸው።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ጣሊያኑ መሬት ነበረው። አንተ በሳኒቬል አንድ ጋራዥ የምታክል መሬት መግዛት አትችልም። ቪዛህም ገና አላለቀም። ጌሾ ትከል የምትለው የት ላይ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ሁላችሁም ሥራ ልቀቁና ጠጅ ጣይ ሁኑ የሚል ግብዝነት የለኝም። ማሳ የገዛ ጣሊያንም ቢሆን ልጆቹ ጠበቃና ኢንጂነር ሆነዋል፤ ፒኬቲዎች በ1963 ያቆሙት ጅል ስለነበሩ አይደለም። ስንት ቤተሰብ ተክሉን ነቅሎ መሬቱን ለአልሚ ሸጧል። የተረፉት ጥቂት ናቸው። ግን ጥቂት መትረፋቸው ልዩነት አምጥቷል፤ ዛሬ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ግሪኞሊኖ መትከል ቢያምረው ቅርንጫፉን የሚቆርጥበት ተክልና የሚጠይቀው ሰው አለው። የእኛ ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ጠጅ መጣል ቢያምረው ማንን ይጠይቃል? ዩቲዩብን?

ሌላው ወዳጄ ደግሞ በሃይማኖቱ መጠጥ አይነካም፤ «እኔን ምን አገባኝ?» አለ። ብርዝ አለ አልኩት። ጌሾ ያልገባበት፣ ያልፈላ ማርና ውሃ፤ ከአያቶቹ ቤት ያልጠፋ። አስቦበት ዝም አለ።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ሌላ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጠጅ እንደ ወይን ነው የሚቆጠረው፤ ሁለት አዋቂዎች ያሉበት ቤት ለራሱ መጠጫ በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ አንድ አዋቂ ብቻ ያለበት እስከ 100 ጋሎን መጣል ይችላል። 200 ጋሎን ከ750 ሊትር በላይ ነው፤ ለሠርግም ለክርስትናም ይተርፋል። መሸጥ ግን ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ «ለወዳጅ ነው» እያሉ በጓዳ መሸጥ አንድ ቀን ጣጣ ያመጣል። ፈቃዱን የሚያወጣ ሰው ሲገኝ ደግሞ የኛ ድርሻ መግዛት ነው። እዚህ ላይ እራሳችንን እንታዘብ፦ ለፈረንጅ ወይን ሠላሳ ዶላር ሳንጠይቅ እንከፍላለን፤ ሐበሻ ጠጅ በሃያ ዶላር ሲሸጥ «ወገን አይደለንም እንዴ? ቀንስ እንጂ» እንላለን። ኖርዝ ቢች ያለው ጣሊያናዊ የጎረቤቱን ወይን እንዲህ ቢከራከርበት ኖሮ ሞርጋን ሂል ላይ ዛሬ የምናየው ኮንዶሚኒየም ብቻ ይሆን ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን እናቶቹ አሉ። ኦክላንድና ሳን ሆዜ ውስጥ ጠጅ በእጃቸው የሚያውቁ ሴቶች በዕድሜ እየገፉ ነው። ሙያቸው የተጻፈ አይደለም። ስንት ማር በስንት ውሃ የሚለው ቀላሉ ነው፤ አንድ እጅ ማር ለሦስት እጅ ውሃ ማንም ይነግርሃል። የጌሾው እንጨት ምን ያህል መቀቀል እንዳለበት፣ መቼ እንደሚወጣ፣ እዚህ በጉም የሚቀዘቅዘው ጋራዥ ውስጥ ከአዲስ አበባ ይልቅ ስንት ቀን እንደሚዘገይ፣ ሽታው ሲለወጥ ምን እንደሚደረግ፦ ይሄ ያለው አፍንጫቸውና ጣታቸው ላይ ነው። እኛ ደግሞ ለአንድ የሶፍትዌር ስህተት አሥር ገጽ ሰነድ የምንጽፍ ሰዎች ነን። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ማስታወሻ ደብተር፣ አንድ የኩሽና ሚዛንና አንድ ቴርሞሜትር ይዞ እናት አጠገብ ቁጭ ማለት ምን ያቅታል? ልኬቱን መጻፍ፣ ማሩ ከየት እንደመጣ መጻፍ፣ የእሳቸውን ስም ከላይ ማድረግ። ጓሮ ያለው ሰው ደግሞ ጌሾ ይትከል፤ የሳን ሆዜ አየር እንደማይጠላው በእትዬ ጓሮ አይቻለሁ።

እኔ እንግዲህ አንዱን ዳሚጃን ወስጃለሁ። ከአልጋዬና ከመስኮቱ መካከል ነው ያለው፤ ልብስ ማድረቂያው ወደ መታጠቢያ ቤት ተዛውሯል። በሚቀጥለው ቅዳሜ እትዬ መጥተው ሊያስጀምሩኝ ነው፤ «ጆሮህ ብቻ ሳይሆን አፍንጫህም ይማር» ብለውኛል። ሁለተኛውን ልጃቸው «እስቲ ልየው» ብሎ መኪናው ውስጥ ከቶታል፤ ካየው በኋላ የት እንደሚያደርገው አላወቅኩም። ከጌሾው የጠቆረውን ፍሬ ለቅሜ በወረቀት ከረጢት አድርጌአለሁ፣ ለሦስት ጓሮ ላላቸው ሰዎችም ደውያለሁ። አንዷ እሺ ብላለች።

ዛፎቹ ግን እዚያው ናቸው። ቤቱን አዲሱ ባለቤት የሚረከበው በሚቀጥለው ወር በ15 ነው።